ሃይላንድ መሰብሰብ ከመጀመራችሁ በፊት

በኮንዶሚኒየማችን የፕላስቲክ ማሰባሰቡን ሥራ የማስተባብረው እኔ ነኝ። «እኛም ግቢ እንጀምር፣ ከምን እንነሳ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ መልሴን እነሆ።

መጀመሪያ ገዢ ፈልጉ። ጆንያውን ሞልታችሁ ገዢ ፍለጋ ከወጣችሁ በተባላችሁት ዋጋ ነው የምትሸጡት። አዲስ አበባ ያላችሁ መርካቶ ምናለሽ ተራ ውረዱና ጠይቁ፦ የትኛውን ዓይነት ትወስዳላችሁ? ተጨፍልቆ ነው ወይስ እንዳለ? ክዳኑ ይነቀል? ቢያንስ ስንት ኪሎ? መልሱ ከገዢ ገዢ ይለያያል።

የሰፈራችሁን ቆራሌው ደግሞ እንዳትገፉት። ይህን ሥራ ከእናንተ በፊት ሲሠራ የኖረ እሱ ነው፤ ዋጋውንም ያውቃል። እኛ ጀሪካኑንና ብረታ ብረቱን ለእሱ ትተንለታል፣ እሱም ገዢ ያገናኘናል።

ዋናው ሥራ መለየቱ ነው። ከዕቃው ሥር ባለሦስት ማዕዘን ቀስት ውስጥ ቁጥር ታገኛላችሁ። 1 የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ ነው፤ 2 የበረኪናና የዘይት ጀሪካን፤ 4 ስስ ፌስታል። ክዳን አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 5 ነው። 3 ፒቪሲ (የቧንቧ ፕላስቲክ) ነው፣ እሱን ከ1 ጋር እንዳትቀላቅሉት፤ ሲቀልጥ አሲድ እያወጣ ሌላውንም ያበላሻል። ቁጥሩ ከጠፋ ቁራጭ ቆርጣችሁ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ጨምሩና አረፋው እንዲለቅ በጣት ጫን አድርጉት። 2፣ 4 እና 5 ይንሳፈፋሉ፤ 1 እና 3 ይሰምጣሉ። እነዚህን ሁለቱን እንግዲህ ባልዲ አይለያቸውም፣ ያልታወቀ ነገር ከሰመጠ ወደ ጎን አድርጉት። ነጩን ሃይላንድ ከአረንጓዴው ለዩ፤ ነጩ የተሻለ ዋጋ አለው። የፀረ ተባይ ዕቃ ግን በነፃ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ።

ጠርሙሱን አለቅልቁ፣ አንጠፍጥፉ፣ በእግር ጨፍልቁ። ውስጡ ውሃ የቀረበት ጆንያ ሚዛን ላይ ሲወጣ ገዢው ወዲያው ይነቃል፣ ከዚያ በኋላ ደረቁንም አያምናችሁም። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ አስቀምጡ።

ማቅለጥ ያማራችሁ ካላችሁ ሃይላንዱን ተዉት። የሚቀልጠው ወደ 250 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ትንሽ እርጥበት ካለበት ደግሞ ተሰባሪ ሆኖ ይወጣል። ባለ 2ቱ ክዳንና ጀሪካን 130 አካባቢ ስለሚቀልጥ ለጀማሪ ይሻላል፤ ያውም ሙቀቱን መቆጣጠር በሚቻል ምድጃ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ። በከሰልና በድስት በፍጹም! ጭስ ካያችሁ ሙቀቱ በዝቷል ማለት ነው፣ አጥፉት።

ስለ ገንዘቡ፦ በሸጣችሁ ቀን ኪሎውንና ብሩን ጽፋችሁ መግቢያው ላይ ለጥፉ። የት እንደገባ ያየ ጎረቤት ጠርሙሱን ራሱ አለቅልቆ ያመጣል።