አሮጌ ሳይክል በባትሪ ማስኬድ፦ ከሞተሩ በፊት ፍሬኑን እዩ

የአባቴ ሳይክል ባለ 28 የቻይና ሳይክል ነው። ጥቁር፣ ከባድ፣ ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚጎተት፣ ያው የምታውቁት ዓይነት። ኮምቦልቻ ውስጥ ስንቱን የሥራ ሰው ያመላለሰ ሳይክል ነው። አባቴ መንዳት ካቆመ በኋላ ጓዳ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ዓመታት ቆየ። እኔ ደግሞ በየጠዋቱ ባጃጅ ስጠብቅ መቆም ሰለቸኝና ሞተር ገጠምኩለት። አሁን ያለ እሱ የትም አልሄድም። መንገድ ላይ እያስቆመ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አሠራሩን እንዳለ ልጻፈው።

ሰው መጀመሪያ የሚለኝ "ስንት ዋት ነው?" ነው። ኧረ ፍሬኑ ይቅደም! ያለንበት ወሎ ነው፣ የወጣነውን ሁሉ መውረዳችን አይቀርም። የዘንግ ፍሬን የሚይዘው ከቸርኬው ሥር፣ ከውስጥ በኩል ነው። ከሞተሩ ጋር የሚመጣው ቸርኬ ግን የተሠራው ከግራና ከቀኝ ጎኑ ለሚይዝ ፍሬን ነው። ስለዚህ የፊቱን ጎማ በሞተር ስትቀይሩ የድሮው የፊት ፍሬን ሥራ ያቆማል። ይህን ሳያስቡ ገጥመው በኋላ ፍሬን ብቻ የሚነዱ ልጆች አይቻለሁ፣ ባየኋቸው ቁጥር ሆዴ ይሸበራል። መላው ግን ከባድ አይደለም። የፊቱን ጎማ ከግራና ከቀኝ የሚይዘው ሹካ አናት ላይ የጭቃ መከላከያው የሚታሰርበት ቀዳዳ ካለ፣ ክንዱ ረጅም የሆነ የሽቦ ፍሬን እዚያ ላይ ይታሰራል። ቀዳዳ ከሌለው ሹካውን ራሱን ቀይሩት። የኋላው የዘንግ ፍሬን ይቆይ፣ ላስቲኩን ብቻ አዲስ አድርጉለት። የብረት ቸርኬ ዝናብ ሲነካው በጣም ይንሸራተታል፣ ክረምት ላይ ከወትሮው ቀደም ብላችሁ መያዝ ይኖርባችኋል። አዲሱ ጎማ ከገባ በኋላ ሁለቱንም ፍሬን ጨብጣችሁ ሳይክሉን በሙሉ ጉልበታችሁ ግፉት። ጎማው ከዞረ ሞተሩን አታስነሱት።

ሞተሩ ጎማው መሀል የሚቀመጥ ነው። እኔ የገጠምኩት 36 ቮልት፣ 350 ዋት፣ ውስጡ ጥርስ ያለው ነው። ጥርስ የሌለው ትልቁ ሞተር ድምፅ የለውም፣ ግን ቀስ እያለ ረጅም ዳገት ሲወጣ ይግላል፤ ለእኛ አገር ጥርስ ያለው ይሻላል። የፊት ወይስ የኋላ ለሚለው፣ ሳይክላችሁ ማርሽ የሌለው አሮጌ ከሆነ የፊት አድርጉት። የኋላ ሞተር በሁለቱ እግሮች መሀል 135 ሚሊሜትር ክፍተት ይፈልጋል፣ የድሮ ሳይክል ከዚያ በጣም ይጠብባል። የፊቱ የሚፈልገው 100 ሚሊሜትር ነው። የእኔ ትንሽ ጠቦ ነበር፣ የብረት ሹካ ስለሆነ በእጅ ሳብ ሳብ አድርጌ አስፋሁት። ሹካው አልሙኒየም ከሆነ ግን የፊት ሞተር አትግጠሙበት። አልሙኒየም ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሰበረው።

ከመግዛታችሁ በፊት ጎማችሁ ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። ሁለቱም "28" ይባላሉ፣ ግን የድሮው 28 በ 1½ ቸርኬው 635 ሚሊሜትር ሲሆን ከሞተሩ ጋር የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ 622 ነው። የድሮው ጎማ እዚያ ላይ አይቀመጥም፣ አዲስ ጎማና ከለመዳሪ ወጪ ውስጥ አስገቡ። ባለ 26 ሳይክል ያላችሁም ቁጥሩን አንብቡ፣ እሱም ከአንድ በላይ ልክ አለው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። የሞተሩ አክሰል ክብ አይደለም፣ ሁለት ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ በጠፍጣፋው በኩል ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር ነው። የድሮው ሹካ ጫፍ ላይ ያለው ክፍተት ከዚህ ስለሚጠብ በሞረድ መሞረድ አለበት። ሦስት አራት ጊዜ ሞረድ ታደርጉና ትለካላችሁ፣ ደግሞ ሞረድ፣ ደግሞ ልኬት። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ጎማው ዘሞ ይቆማል። አክሰሉ በእጅ ግፊት ጥብቅ ብሎ መግባት አለበት። ልቅ ከሆነ አበላሽታችሁታል፣ ምክንያቱም ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲያዞር አክሰሉን ወደ ኋላ ነው የሚጠመዝዘው።

ይህን ጥምዘዛ የሚችል ቶርክ አርም የሚሉት አንድ መያዣ ብረት አለ። አንዱ ጫፉ አክሰሉን ይነክሳል፣ ሌላው ከሹካው ጋር ይታሰራል። እኔ መጀመሪያ ያለ እሱ ነዳሁት፣ ዳዶውን በደንብ ስላጠበቅኩ ይበቃል ብዬ። በሁለተኛው ሳምንት ትንሽ ዳገት ላይ ጋዝ ስሰጥ ቋ አለ። አክሰሉ ሹካው ውስጥ ዞሮ የሞተሩን ገመድ እንደ ጨርቅ ጠምዝዞ በጠሰው። ጎማው ወልቆ አልወደቅኩም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ግን ቁልቁለት ላይ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ብየዳ ቤት ሄጄ ባለ 6 ሚሊሜትር ላሜራ አስቆርጬ ለሁለቱም ጎን አሠራሁ። እባካችሁ ይህን ነገር አትዝለሉት።

ባትሪው ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚበላው ነው። ሦስት የ12 ቮልት አሲድ ባትሪ አያይዞ መሞከር ይቻላል፣ ለሜዳ ይሠራል፣ ግን ክብደቱ ዳገት ላይ ይጎትታችኋል። እኔ የያዝኩት ሊትየም 36 ቮልት 10 አምፒር ሰዓት ነው፣ ማለትም 360 ዋት ሰዓት። ሲሞላ 42 ቮልት ያሳያል። ውስጡ ቢኤምኤስ የሚባል፣ ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሞላና እንዳይራገፍ የሚጠብቅ ሰሌዳ ከሌለው በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ላዩ ላይ የተጻፈውንም አትመኑ። መጀመሪያ የገዛሁት ባትሪ 10 ይላል፣ ያለው ግን ግማሽ ነበር። መለኪያው ቀላል ነው፦ የመኪና ፍሬቻ አምፖል፣ 12 ቮልት 21 ዋት የሆነውን፣ ሦስት በተከታታይ አያይዙና በሞላ ባትሪ አብሩት። ትክክለኛ 10 አምፒር ሰዓት ከሆነ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ያበራል። በሁለት ሰዓት ተኩል ከጠፋ ተታላችኋል፣ ወስዳችሁ መልሱ። በየመሀሉ በቴስተር ለኩት፣ 32 ቮልት ሲደርስ አቁሙ።

የገመዱ ነገር እንደሚፈራው አይደለም። ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥነው መቆጣጠሪያ ሳጥን ላይ ያሉት ሶኬቶች በቀለምና በቅርጽ ስለሚለያዩ ተሳስቶ ማገናኘት ይከብዳል። ከሞተሩ ሦስት ወፍራም ገመድ ይመጣል፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ከቀለማቸው ጋር ታገናኛላችሁ። አብረዋቸው የሚመጡት አምስት ቀጫጭኖቹ ጎማው የት እንዳለ ለሳጥኑ የሚናገሩ ናቸው። ከዚያ የጋዙ፣ ከዚያ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩን የሚያጠፋው። ከባትሪው በሚወጣው ቀይ ገመድ ላይ፣ እዚያው ባትሪው አፍ አጠገብ፣ ባለ 20 አምፒር ፊውዝ አድርጉ። ባትሪው የሚገናኘው መጨረሻ ላይ ነው። ስታገናኙት ጠቅ ብሎ ትንሽ ብልጭታ ያሳያል፣ አብሽሩ፣ ጤነኛ ነው። ገመዱ ሳጥኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ሆዱን ጥሎ ይመለስ። ዝናቡ በገመዱ ላይ ተንሸራቶ ሆዱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሳጥን ውስጥ አይገባም።

የመጀመሪያው ሙከራ ጎማው መሬት ሳይነካ ነው። ሳይክሉን ገልብጡና ጋዙን ቀስ አድርጋችሁ ስጡት። ከተንቀጠቀጠ ወይም ካጓራ ቶሎ ልቀቁትና ሦስቱን ገመዶች እንደገና እዩ። ወደ ኋላ ከዞረ ጎማውን አዟዙራችሁ ገጥማችኋል ማለት ነው። ቀጥ ብሎ ከዞረ አውርዱና ባዶ ሜዳ ላይ ንዱት። ከ10 ኪሎ ሜትር በኋላ የአክሰሉን ዳዶ እንደገና አጥብቁ፣ መጀመሪያ ላይ ሁሌም ይላላል።

"ደሴ ይወጣል ወይ?" የሚለኝ ብዙ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ከኮምቦልቻ ደሴ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከፍታው ደግሞ 600 ሜትር ያህል ይጨምራል። እናንተ፣ ሳይክሉና ባትሪው አንድ ላይ 100 ኪሎ ብትሆኑ፣ ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 160 ዋት ሰዓት ግድም ያስፈልጋል። ሞተሩ ቢያንስ ሩቡን ሙቀት አድርጎ ያባክነዋል፣ ስለዚህ ከባትሪው ከ210 በላይ ይወጣል። የመንገዱና የንፋሱ አለ። የእኔው 360 ለጥቂት ነው የሚበቃው። ፔዳል ሳትረግጡ የመንገዱን ዋና ዳገት ሐረጎን እወጣለሁ ካላችሁ ደሴ ሳትገቡ ሊያልቅባችሁ ይችላል፣ ሞተሩም ይግላል። እየረገጣችሁ ውጡ፣ ግማሽ ላይ አረፍ በሉ፣ የሞተሩን ሆድ በእጃችሁ ንኩት። እጅ የማያስቆይ ከሆነ እስኪበርድ ጠብቁ። መልስ ላይ ደግሞ ይሄ ሞተር ቁልቁለት አይዝም፣ ባትሪም አይሞላም፣ ያላችሁ ፍሬን ብቻ ነው። የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቃችሁ ያዙ። ሜዳውም ላይ ቢሆን ከ25 ኪሎ ሜትር በሰዓት አትለፉ፣ የአሮጌ ሳይክል ብረት ለዚያ አልተሠራም።

ቻርጅ የምታደርጉት ነቅታችሁ ባላችሁበት ሰዓት፣ ከአልጋና ከመጋረጃ ራቅ ብሎ፣ ሲሚንቶ ላይ ይሁን። በሁለት አምፒር ቻርጀር ከባዶ አምስት ሰዓት ይፈጃል። የሚበላው መብራት ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ከመንገድ እንደገባችሁ ወዲያው አትሰኩት፣ ይቀዝቅዝ። መብራት ድንገት ከጠፋ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ሲመጣ አንዳንዴ በኃይል ስለሚመጣ አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ መልሱት።