ካንሰር የያዘውን ሰው ቤት ውስጥ ስታስታምሙ፦ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ብሩ፣ ስለ ሕመሙ

እናቴን ጎንደር፣ አዘዞ፣ ቤታችን ውስጥ ያስታመምኳት እኔ ነኝ። የማኅጸን በር ካንሰር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ «እሷን ጠይቋት» ይባላል። ለሁሉም የምነግረው ያው ስለሆነ ልጻፈው።

መጀመሪያ የጤና መድን ደብተሩን አውጡና እዩት። ታድሷል? ማደሻው በየዓመቱ በተወሰነ ጊዜ ስለሆነ ካለፈባችሁ ዛሬውኑ ቀበሌ ሂዱ። መክፈል ለማይችል ቤተሰብ መንግሥት ይከፍልለታል፤ እሱንም እዚያው ጠይቁ። (መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ጎረቤታችን ፎገራ አንዷ ነበረች። እዚያ ዘመድ ካላችሁ ከማንም በላይ ያስረዳችኋል።)

ቀጥሎ ሪፈር፣ ማለትም ወደ ሌላ ሆስፒታል የሚልካችሁ ወረቀት። መድኑ የሚሠራው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ደረጃውን ጠብቆ ለመጣ ሰው ነው። ከደባርቅ ወይም ከመተማ ተነስቶ «ትልቁ ይሻላል» ብሎ በቀጥታ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የመጣ፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር፣ ከኪሱ ይከፍላል። ሪፈሩን፣ የባዮፕሲ (ከሰውነት ተቆርጦ የተመረመረው ናሙና) ውጤቱንና መታወቂያውን በአንድ ክላሰር ያዙ። ፎቶ ኮፒ ላይ አትቆጥቡ።

መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ «የለም» ሲባል ወዲያው ፒያሳ ወዳለው የግል ፋርማሲ አትሩጡ። ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ይጻፍላችሁ። ከውጭ ስትገዙ ደረሰኝ ተቀበሉና ተመላሽ ይኖር እንደሆነ መድን ክፍሉን ጠይቁ። ያለ ደረሰኝ በርካሽ የሚሸጥላችሁን ሰው ግን እርሱት።

አሁን ከባዱ ጥያቄ። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ሲታዘዝ ሐኪሙን ሳታፍሩ «ይሄ ኬሞ ሊያድናት ነው ወይስ ሕመሟን ሊያቀልላት?» በሉት። የብሩን ነገር የሚወስነው መልሱ ነው። ለማዳን ከሆነ ተበደሩ፣ ሽጡ፣ የሚደረገውን ሁሉ አድርጉ። ለማቅለል ከሆነ ግን ላም ሸጦ አዲስ አበባ መመላለስ፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለሕመምተኛው ሳይሆን ለሰው አፍ ነው። ብዙውን ብር የሚበላው ደግሞ መድኃኒቱ ብቻ አይደለም። ትራንስፖርት፣ የአልጋ ኪራይና የአስታማሚ ምግብ ነው።

ሕመሙን በተመለከተ እንዳትዘገዩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. የካንሰርን ሕመም በደረጃ ማከምን መክሮ ነበር፤ አሁን ደረጃው እንደ አጠቃላይ መመሪያ ነው፣ መነሻውን ሐኪሙ እንደ ሕመሙ ክብደት ይመርጣል። ደረጃዎቹ እነዚህ ናቸው፦ እንደ ፓራሲታሞል ያለ፣ ካልበቃ እንደ ትራማዶል ያለ፣ ካልበቃ ሞርፊን። ሞርፊን ሲባል ሰው ይደነግጣል። «በቃ፣ አለቀላት» ይላል፤ ወይም «ሱስ ይሆንባታል» ይላል። ሐኪም ባዘዘው መጠን ለካንሰር ሕመም የሚወስድ ሰው ሱሰኛ መሆኑ በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው።

የሚጠጣው ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ ነው የሚሰጠው። ሕመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም። ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉና የሰጣችሁበትን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፉ። እናቴ «አሁን ደህና ነኝ፣ ይቅር» ትለኝ ነበር። «ደህና የሆንሽው በእሱ ነው እኮ፣ እማዬ» እላት ነበር። በማንኪያ አትገምቱ፤ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ለኩ። መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል፣ ያቅለሸልሻታል፤ በጥቂት ቀን ይለቃታል። የማይለቀው የሆድ ድርቀቱ ነው። ስለዚህ ከሞርፊኑ ጋር አብሮ እንደ ቢሳኮዲል ያለ ማለስለሻ እንዲታዘዝ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ሊረሳ ይችላል። ስትቀሰቅሷት አልነቃ ካለች ወይም ትንፋሿ በጣም ከዘገየ ግን ቶሎ ወደ ሆስፒታል።

ስለ ሽታም ልናገር፣ ማንም ስለማያወራው። ቁስሉ ሲሸት ሰው ዕጣን ያጨሳል፤ ሕመምተኛዋም ገብቷት ታፍራለች። ለሐኪሙ ንገሩ። ሜትሮኒዳዞል የሚባል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይረዳል። ውጭ ላይ ላለ ቁስል፣ ለምሳሌ ለጡት፣ ሐኪሙ ከፈቀደ ክኒኑ ተፈጭቶ ቁስሉ ላይ ይነሰነሳል።

ጀርባዋ እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ አገላብጧት። ምግብ እምቢ ካለች አታስገድዷት፤ ከንፈሯን አርጥቡላት። ጸበሏን ትጠጣ፣ ማንም አይከለክላትም። «መድኃኒቱን አቋርጪ» የሚላት ካለ ግን በር ላይ መልሱት።

ሆስፒስ ማለት በጠና የታመመን ሰው ሕመሙን እያቀለለ የሚንከባከብ ማለት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት ቤት ለቤት እየሄደ ሕመምተኛ ያያል። እኛ ሰፈር ግን ሆስፒሱ ጎረቤት ነው፤ ስለዚህ ጎረቤትን አሠሩት። ጠያቂ ሁሉ ማልታና ብርቱካን ይዞ ይመጣል። የእኛ ቤት ማልታ ሱቅ መስሎ ነበር። «ምን ላምጣ?» ሲሏችሁ ዳይፐር፣ ጓንትና ሳሙና በሉ። አንድ ሌሊት ተራ መግባት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

እድራችሁንም ጠይቁ። ብዙ እድር ገንዘብ የሚያወጣው ለቀብር ነው። ከዚያው ገንዘብ ከፊሉ ሰውየው በሕይወት እያለ ለመታከሚያ ይሰጥ ብላችሁ ለኮሚቴው በጽሑፍ አቅርቡ። ደንቡ አይፈቅድም ካሏችሁ፣ ደንቡን ያወጡት እነሱው ናቸውና በወር ስብሰባው ላይ ድጋሚ አንሱት።