መኪናው እየሞቀ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

የሙቀት ጌጁ ወደ ቀዩ እየተጠጋ ከሆነ መጀመሪያ ኤሲውን ያጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ ዳር ይዘው ይቁሙና ሞተሩን ያጥፉ። የራዲያተሩን ክዳን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አይንኩ፤ የፈላው ውሃ ፊት ያቃጥላል። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛው ክፍል) ይሰነጥቃል።

ከበረደ በኋላ የሚጠየቀው አንድ ነው፤ የሚሞቀው ቆሞ ነው ወይስ እየሄደ?

ቆሞ ሲሞቅ፣ መንገዱ ሲለቀቅ ሲበርድ

መገናኛ አካባቢ ተጨናንቆ ሲሞቅ፣ ቀለበት መንገድ ላይ ሙቀቱ ሲወርድ ጥፋቱ የፋን ነው። መኪና ሲሄድ ነፋሱ ራዲያተሩን ያበርዳል፤ ሲቆም ግን ያለው ፋኑ ብቻ ነው። ሞተሩን አስነስተው ኤሲ ይክፈቱ። በአብዛኞቹ መኪኖች ፋኑ ወዲያው ይዞራል። ካልዞረ ፊውዙን ይዩ፤ ቀጥሎ ሪሌውን፣ ማለትም የፋኑን መስመር የሚያበራና የሚያጠፋውን ዕቃ፣ ተመሳሳይ ቁጥር ባለው ሪሌ ቀይረው ይሞክሩ። አሁንም እምቢ ካለ ሶኬቱን ነቅለው ከባትሪ ቀጥታ መስመር ይስጡት፤ ያኔም ካልዞረ የፋኑ ሞተር ካርቦን ጨርሷል። በኤሲ እየዞረ ያለ ኤሲ የማይነሳ ከሆነ የሙቀት ሴንሰሩን ይጠርጥሩ።

ዳገት ላይ ሲሞቅ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ የሚሞቅ መኪና የውሃ ዝውውር ችግር አለበት። የላይኛው ቱቦ እያቃጠለ የታችኛው ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) አልተከፈተም፣ አለዚያም ራዲያተሩ ተደፍኗል። ቴርሞስታቱን ፈትተው በድስት ውሃ ያፍሉት። ላዩ ላይ 82 የተጻፈበት በ82 ዲግሪ ግድም መከፈት ይጀምራል። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ እስከ ጫፍ ባይከፈት አይደንግጡ። ካልሠራ በአዲስ ይተኩት። አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው፤ እኛ ግን አጥብቀን እንቃወማለን፤ ሞተሩ ሙቀቱን ሳይይዝ ይሠራል፣ ነዳጅም ይበላል።

ጠብታ ሳይታይ ውሃ ሲጎድል

ክዳኑን ይዩ። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ለሚነዳ ሰው ይህች ትንሽ ዕቃ ትልቅ ናት። ላዩ ላይ 0.9 የተጻፈበት ክዳን ግፊቱን አምቆ የውሃውን መፍያ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኩ ከደረቀ ውሃው በ92 ይፈላል፤ ሞተሩ ደግሞ በጤናውም የሚሠራው እዚያው ግድም ነው። ስለዚህ ራዲያተር ከመቀየርዎ በፊት ክዳኑን፣ ቁጥሩ ተመሳሳይ በሆነ፣ ይቀይሩ።

ሲሞሉም የቧንቧ ውሃ ብቻ አይጠቀሙ፤ ዝገትና ደለል ይተዋል። ያልተበረዘ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ለእኩል ይቀላቅሉ። ማሞቂያውን ከፍተው፣ ክዳኑን ከሞተሩ መነሳት በፊት አንስተው፣ ፋኑ ሁለት ጊዜ እስኪዞር ያስነሱት፤ የታመቀው አየር እንደ አረፋ ይወጣል፣ የጎደለውን ይሙሉ።

አረፋው ካላቆመ፣ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ከበዛ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ የቴስታታው ጋስኬት (ማሸጊያው) ተበልቷል። ዱቄት ጨምሮ መድፈን ራዲያተሩንም ይዘጋል። ቴስታታው ወርዶ መጣመሙ ይለካ፤ ከተጣመመ ሳይላግ አዲስ ጋስኬት አይግባበት።