በየቀኑ አንድ ፎቶ፦ ባሕር ዳር ላይ ለሚጀምር ሰው

በየቀኑ አንድ ፎቶ ላንሳ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ዓይነት ካሜራ ልግዛ?» ብሎ ነው። አትግዙ። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ይበቃል፤ መስታወቱ ትንሽ ቢሰነጠቅም ሌንሱ ካልተጎዳ ይሠራል። ይህን ሥራ የሚያስቆመው የካሜራ ማነስ አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት ገደማ የምትመጣው «ዛሬ ደግሞ ምን አለና ላንሳ?» የምትል ጥያቄ ናት። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው በአብዛኛው ሳያቋርጡ ስለማንሳት ነው፤ ስለ ቆንጆ ፎቶ የምናገረው ያንኑ ያህል አይሆንም።

1. ወር ያዙ፣ ዓመቱን ለጊዜው እርሱት

በሌላው ዓለም ይህን የሚጀምሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ 365 ቀን ብለው ነው የሚነሱት። ለጀማሪ ይከብዳል። የእኛ አቆጣጠር ግን ለዚህ የተመቸ ነው፤ ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ ልክ 30 ቀን ነው። ከ1 እስከ 30 ትቆጥራላችሁ። ካልጣማችሁ እዚያው ታቆማላችሁ፣ ከጣማችሁ ሌላ ወር ትጨምራላችሁ። እንደ ዕቁብ ቁጠሩት፤ የዛሬዋ መዋጮ ትንሽ ናት፣ ደስ የሚለው ዕጣው ሲደርስ ነው።

ቀኖቻችን ደግሞ ስም አላቸው። 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም እየተባለ ባደግንበት አገር ለፎቶ ርዕስ አይጠፋም። በጊዮርጊስ ዕለት ነጠላ አጣፍተው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች መንገዱን ይሞሉታል፤ ፎቶው ራሱ መጣላችሁ ማለት ነው። ጁምዓም በየሳምንቱ አለች።

ይህ ነገር ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል ለማየት፣ ጄሚ ሊቪንግስተን የተባለውን አሜሪካዊ ማንሳት ይበቃል። ማርች 31 ቀን 1979 እ.ኤ.አ. በፖላሮይድ ካሜራ በቀን አንድ ፎቶ ማንሳት ጀመረ፤ እስከ ሞተበት እስከ ኦክቶበር 25 ቀን 1997 ድረስም ቀጠለ። ትቶት የሄደው ከ6,000 ፎቶ በላይ ነው። ብዙዎቹ ተራ ናቸው፤ ጓደኛ፣ ማዕድ፣ ክፍል፣ መንገድ። አንድ በአንድ ሲታዩ ምንም አይመስሉም፣ ተደርድረው ሲታዩ ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ናቸው።

2. ሕጉን አጥብቡ

«ያገኘሁትን አነሳለሁ» የሚል ሰው ብዙም አይቆይም። ሁሉን ማንሳት የሚችል ሰው በየቀኑ ከዜሮ መምረጥ አለበት፣ መምረጥ ደግሞ ያደክማል። አንድ ጠባብ ሕግ አውጡና ወረቀት ላይ ጻፉት።

ሕጉ ቦታ ሊሆን ይችላል፦ ከቤታችሁ በር ላይ የሚታየው መንገድ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ላይ ቆሞ። ነገር ሊሆን ይችላል፦ ብስክሌት ብቻ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ብስክሌት አታጣም፤ በዘንባባው ሥር የቆመ፣ ሣር የተጫነበት፣ ሦስት ልጅ የተሳፈረበት። ወይም የባጃጅ ጽሑፍ ብቻ። ሾፌሮቹ ከኋላ የሚለጥፉትን ጥቅስና ምክር ለ30 ቀን የሰበሰበ ሰው የከተማውን ጨዋታ ሰበሰበ ማለት ነው፤ እኔ ለጀማሪ ከሁሉ በፊት የምመክረው ይህንን ነው። መንገድ ላይ በነፃ ይገኛል፣ የቆመ ባጃጅ አይሸሽም፣ ሾፌሩም ብዙ ጊዜ በጽሑፉ ይኮራል። እጅ ብቻም ጥሩ ነው፦ ቡና የሚቀዳ እጅ፣ ዓሣ የሚበልት እጅ፣ የሸማኔ እጅ። ፊት ስለሌለበት ሰዎች ቶሎ ይፈቅዳሉ።

ሰዓትም ሕግ ሊሆን ይችላል። ሥራ ለሚበዛበት ሰው ይህ ይቀለዋል፤ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ የስልኩ ደወል ሲጮህ ያለበት ቦታ ላይ የፊት ለፊቱን ያነሳል። ምርጫ የለም፣ ሰበብም የለም።

3. ስልኩን አሰናዱ

ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ «ስልኬ ያደበዝዛል» ከሚሉ ሰዎች የብዙዎቹ ችግር የጣት ቅባት ነው። ሴቲንግ ገብታችሁ ግሪዱን፣ ማለትም ማያውን የሚከፋፍሉትን ቀጭን መስመሮች አብሩ፤ አድማሱ የተንጋደደ ሐይቅ ውኃው የሚፈስ ይመስላል፣ መስመሮቹ ያቃኑላችኋል። ዙም አታድርጉ፣ ቀረብ በሉ። ፍላሹን አጥፉ።

አንድ ነገር ብቻ ተለማመዱ፦ ማያው ላይ ማንሳት የፈለጋችሁትን ነካ አድርጉ። በአብዛኛው ስልክ ላይ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ብቅ ትላለች፤ እሷን ወደ ታች ስትስቡ ምስሉ ይጨልማል፣ ወደ ላይ ስትስቡ ይደምቃል። ለመጀመሪያው ወር ከዚህ የበለጠ ዕውቀት አያስፈልግም።

4. ፀሐይዋ የት እንዳለች ዕወቁ

ባሕር ዳር በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ላይ ናት። ሐይቁን ፊት ለፊት ያየ ሰው ወደ ሰሜን አየ ማለት ነው፤ ፀሐይ በቀኙ ትወጣለች፣ በግራው ትጠልቃለች። በሰኔና በሐምሌ ስትጠልቅ ወደ ሰሜን ተጠግታ ወደ ውኃው በኩል ትሄዳለች፤ በታኅሣሥ ግን ወደ ደቡብ ስለምትሸሽ ወደ የብስ በኩል ናት። በሐምሌ ያያችሁትን መጥለቂያ በታኅሣሥ እዚያው ቆማችሁ ብትጠብቁ አታገኙትም።

የምትወጣው እንደ ወሩ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ5 እስከ 12 ሰዓት ከ55 ገደማ ነው፤ ቀድማ የምትወጣው በግንቦትና በሰኔ፣ የምትዘገየው በጥር። ከወጣች በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ወርቅ ነው። ጥላው ረጅም ነው፣ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፣ የግድግዳ ሻካራነትና የፊት መስመር ሁሉ ይታያል። ማታ ከጠለቀች በኋላ ግን አትዘናጉ፤ በእኛ ኬክሮስ ድንግዝግዙ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ቀትር ላይ አታንሱ የሚል ምክር በየቦታው ትሰማላችሁ። ለሰው ፊት እውነት ነው፤ ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ግን ቀትርም የራሱ ነገር አለው። በሚያዝያ 12 እና በነሐሴ 16 ገደማ ፀሐይ ባሕር ዳር ላይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ የስልክ እንጨቱ ጥላ ሥሩ ውስጥ ይገባል። ነሐሴ ላይ ደመናው ከፈቀደ ማለት ነው፤ የሚያዝያው የተሻለ ዕድል አለው። ወሩ ከገጠመላችሁ አትለፉት።

ክረምት ደግሞ ተንቋል። ደመና ብርሃኑን ስለሚያለዝብ የሰው ፊት ከሁሉ የሚያምረው ያኔ ነው። ሰውየውን ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ አቁሙት፤ ውድ መብራት አያስፈልጋችሁም። ስልኩን ከዝናብ ለመጠበቅ ንጹሕ ፌስታል ይበቃል፣ ሌንሱ ጋ ብቻ ቀደድ አድርጉት።

5. ለጣና ጀርባ ስጡ

የባሕር ዳር ጀማሪ ትልቁ ወጥመድ ሐይቁ ነው። የጣና ጀንበር መጥለቂያ ስልኩን ላነሳ ሁሉ ያምራል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሰባት መጥለቂያ ይነሳል፣ በስምንተኛው ቀን ይሰለቻል። ሐይቁን ሊያይ የመጣው ሰው ግን በየቀኑ ይለያያል። ዳርቻው ላይ ቁሙና ዙሩ፦ ሎሚ ሻይ የያዙ ጥንዶች፣ የተመራቂ ጋዋን ለብሳ እናቷን የምታቅፍ ልጅ፣ ፊቱን ወደ ውኃው አድርጎ የሚያጠና ተማሪ።

ሐይቁን ማንሳት ከፈለጋችሁም ሥራውን አንሱ። ደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ ሲመጣ፣ ቀዛፊው ሲያወርድ፣ ከውኃ ወጥቶ ለመድረቅ የቆመ ታንኳ። በማለዳ ዓሣ አስጋሪዎች ሲመለሱ ቆሮሶና አምባዛ ይበለታል፤ የሚጣለውን ሊለቅሙ ፔሊካኖች እንደ ወረፋ ጠባቂ ተደርድረው ይቆማሉ። እዚያ አንድ ማለዳ ብትቆሙ ብዙ ፎቶ ታገኛላችሁ። አንዱን ብቻ ያዙ፣ ሌላውን ለነገ አታቆዩ፤ የነገው የነገ ነው።

ከፍ ብሎ ለማየት ቤዛዊት ኮረብታ አለ፤ የአባይ መታጠፊያ ከዚያ ይታያል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝም አዲሱ የአባይ ድልድይም የብዙ ሰው መናፈሻ ሆኗል። ጥበቃ ባለበት ቦታ ሁሉ ግን መጀመሪያ ጠይቁ፤ የጸጥታ ሰዎችን፣ ካምፕንና ኤርፖርትን አታንሱ። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ። ለፎቶ ብሎ በማለዳ ወይም በምሽት ደንገል ውስጥ የሚገባ ሰው ከራሱ ጋር የተጣላ ነው።

6. ሰውን ጠይቃችሁ አንሱ

ብዙ ጀማሪ ሰው ማንሳት ስለሚፈራ ከሩቅ በዙም ይሰርቃል። ፎቶውም አያምርም፣ ሰውየውም ካየ ይቀየማል። ሰላምታ አስቀድሙ፣ ጤና ጠይቁ፣ ከዚያ «እማማ፣ ቡናውን ሲቀዱ አንድ ላንሳዎት?»፣ «ጋሼ፣ መረቡን ሲጠግኑ ባነሳዎት ቅር ይልዎታል?» በሉ። እምቢ ካሉ አመስግናችሁ እለፉ። ከፈቀዱ ፎቶውን አሳዩዋቸው። ልጆችን ከወላጅ ፈቃድ ውጪ አታንሱ፣ ለልመና የተቀመጠን ሰው ደግሞ ጭራሽ ተዉት።

የጣና ገዳማት የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉት ሴት አያስገቡም። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሄደ ሰው ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ ሥዕሎቹን ከማንሳቱ በፊት መነኮሳቱን ይጠይቅ። ቅዳሴ ላይ ስልክ አታውጡ።

7. ለደረቀ ቀን ስንቅ ይኑራችሁ

ይመጣል። ትታመማላችሁ፣ ይዘንባል፣ መብራት ጠፍቶ ስልኩ ይዘጋል፣ ከቤት መውጣት የማያስመችበት ቀንም አለ። ለዚህ ቀን ከወዲሁ አምስት የቤት ውስጥ ፎቶ አስቡና ከሕጉ ሥር ጻፏቸው፦ መስኮት ላይ ያረፈ ብርሃን፣ የጀበና እንፋሎት ከጥቁር መጋረጃ ፊት፣ ደጃፍ ላይ የተደረደረ ጫማ፣ በሻማ የሚያጠና ልጅ፣ የራሳችሁ እግር። እንፋሎት ከጎን ወይም ከኋላ ብርሃን ሲያገኝ ብቻ እንደሚታይ ልብ በሉ፤ ጀበናውን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጡት።

የተበላሸ ፎቶም ፎቶ ነው። የደበዘዘውን አስቀምጡት፣ ቀኑ ተሞልቷል። ቀን ከዘለላችሁ ደግሞ በማግስቱ ሁለት አንስታችሁ አትሸፍኑ። ባዶውን ባዶ ተዉት፣ በሚቀጥለው ቁጥር ቀጥሉ። አንድ ቀን ስለጎደለ ወሩን በሙሉ የሚተው ሰው ብዙ ነው፤ ከሰው ሁሉ የማይገባኝ እሱ ነው። 29 ፎቶ እጁ ላይ እያለ!

ላይክ የምትጠብቁ ከሆነም ወሩ እስኪያልቅ ለማንም አታሳዩ ባይ ነኝ። ሰው የሚወደውን ስታነሱ ተመልሳችሁ መጥለቂያዋ ጋ ትገኛላችሁ።

8. ማስቀመጥ

አንድ የስልክ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ነው፤ የወሩ ሁሉ ከ150 አይበልጥም፣ የዓመቱም ሁለት ጊጋ አይሞላም። ጋለሪ ውስጥ ለብቻው አልበም ክፈቱ፣ የቀኑን ፎቶ በዕለቱ ማታ አስገቡ። ስልኩ ቀኑን በፈረንጅ ስለሚመዘግብ የእኛን ቀንና አንድ ዐረፍተ ነገር ማስታወሻ ላይ ጻፉ፤ የት፣ ማን፣ ምን ሲሆን። ከወራት በኋላ ከፎቶው ይልቅ ይህቺን ትፈልጓታላችሁ።

ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል። ኔት ባገኛችሁ ቀን ወደ ራሳችሁ ቴሌግራም ላኩት፤ ግን በፎቶ መልክ ከላካችሁት ጥራቱን ስለሚቀንሰው «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ።

9. ወሩ ሲሞላ

ሠላሳውን በአንድ ላይ እዩአቸው። ሰፊ ነገር ትወዱ እንደሆነ ወይስ ጠባብ፣ ጠዋት ትሻላላችሁ ወይስ ማታ፣ ስንቱ ላይ ሰው እንዳለ ያኔ ይታያል። አምስቱን ምረጡና ፎቶ ቤት ወስዳችሁ በ10 በ15 አሳጥቡ። ያነሳችሁት ሰው ካለበት ሁለት ሁለት አሳጥቡ፤ አንዱ የእሱ ነው። መረቡን ሲጠግን ላነሳችሁት አስጋሪ ፎቶውን በእጁ ስትሰጡት፣ በሚቀጥለው ወር ጀልባው ላይ ና ሊላችሁ ይችላል።

ለሁለተኛው ወር ሕጉን ቀይሩ። የመጀመሪያው ነገር ከነበረ ሁለተኛው ሰዓት ይሁን፣ ቦታ ከነበረ ሰው ይሁን። አዲሱን ሕግ በ30ኛው ቀን ማታ ጻፉት፤ በማግስቱ ልደታ ናት፣ ቆጠራው ከ1 ይጀምራል።