የቫይቫክስ ወባን የዶክትሬት ጥናት አዳማ ላይ እንዴት መጀመር ይቻላል?

በሽታ በሰውነት ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ የሚመረምር የዶክትሬት ጥናት መነሻው መሣሪያ ሳይሆን አንድ ጠባብ፣ ሊፈተን የሚችል ጥያቄ ነው። አዳማ ላይ ለሚሠራ ተማሪ ጥያቄው ሩቅ አይደለም፤ የቫይቫክስ ወባን የሚያመጣው ተሕዋስ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባው ዳፊ በተባለው ፕሮቲን በኩል ብቻ እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ቢታመንም፣ ይህ ፕሮቲን በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ የሌላቸው ኢትዮጵያውያንም በዚሁ ወባ ሲያዙ ታይቷል። ታዲያ ተሕዋሱ በየት በኩል ገባ?

ቀጥሎ ዕቅዱን የሚወስነው የናሙናው ጠባይ ነው። ሌላው የወባ ተሕዋስ ፋልሲፓረም ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቤተ ሙከራ ያለማቋረጥ ሲራባ፣ ገና ለጋ የሆኑ ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚመርጠው ቫይቫክስ ግን እንዲህ ሊራባ ባለመቻሉ፣ ተሕዋሱ ወደ ሕዋስ የሚገባበትን መንገድ የሚፈትነው ሙከራ ከታማሚ በተወሰደ ትኩስ ደም መሠራት አለበት። ወባው የሚበረታው ከክረምቱ ዝናብ በኋላ በመሆኑ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ከመስከረም በፊት እጅ ላይ ይግባ፤ ከዘገየ ዓመቱ ያልፋል።

ደሙ መርጋቱን በሚከላከል ብልቃጥ እንደተቀዳ፣ ብልቃጡ ሳይናጥ ከስምንት እስከ ዐሥር ጊዜ በቀስታ ይገልበጥ፤ በላዩም ስም ሳይሆን መለያ ቁጥር ይጻፍ። የታማሚው ዘረመል የተሕዋሱን እንዳይሸፍን ነጭ የደም ሕዋሳቱን በሴሉሎስ አጣርቶ ማስወገድ ያስፈልጋል። ዘረመልን አባዝቶ በሚለየው ምርመራ (ፒሲአር) የተገኘ ዘረመል ብቻውን ተሕዋሱ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ መግባቱን ስለማያረጋግጥ፣ በመስታወት ላይ ስስ ተደርጎ የተቀባውን ደም በማይክሮስኮፕ ሳያዩ ድምዳሜ መጻፍ አይገባም።