ፊልትሮና ማርሚታው የተቀየረ ሞተር ሳይክል ካርቡሬተሩ ሲያስቸግር

የፋብሪካው የአየር ፊልትሮ ሳጥን ወጥቶ ክፍት ፊልትሮ ተሰክቷል። ማርሚታውም ተቀይሯል። ድምፁ አምሯል፤ አነዳዱ ግን ተበላሽቷል። ማርሚታው ይተኩሳል፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ያስነጥሳል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ይታነቃል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ጨምሯል፤ ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚን የሚለካው አሁንም በድሮው ልክ ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን ተሟልቶ ለመቃጠል ወደ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ሲጠየቅ ደግሞ ቤንዚኑ ከዚህ ትንሽ በዛ እንዲል ይፈልጋል፤ ከ12.5 እስከ 13 ኪሎ አየር ለ1 ኪሎ ቤንዚን አካባቢ። ማስተካከል ማለት ይህን ሚዛን መመለስ ነው።

መጀመሪያ ካርቡሬተሩን አይንኩት

ካርቡሬተር የማይገባውን ጥፋት ይሸከማል። ስለዚህ ከመፍታትዎ በፊት ሌላውን ያጣሩ። የቫልቭ ክፍተቱ ልክ ነው? ካንዴላው ደህና ነው? ቤንዚኑ በደንብ ይወርዳል? የታንከሩ ክዳን መተንፈሻ ከተደፈነ ሞተር ሳይክሉ ትንሽ ሄዶ ይጠፋል፤ ክዳኑን ከፍተው ሲዘጉት ደግሞ ይነሳል።

ከሁሉም በላይ የሚታለፈው በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ያለው ጎማ ነው። ፊልትሮ ሲቀየር ካርቡሬተሩ ተነቅሎ ይመለሳል። ጎማው አርጅቶ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ወይም ማሰሪያው ሳይጠብቅ ይቀራል። በዚያ በኩል የሚሾልከውን አየር የትኛውም ጄት (ቤንዚን በልክ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው ትንሽ የነሐስ ብሎን) አያስተካክለውም። ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡ በዝቅተኛ ዙር) ያስነሱና በጎማው ዙሪያ ውሃ በመርጫ ይርጩ። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ቀዳዳውን አገኙት። ለዚህ ሥራ ቤንዚን የሚረጩ አሉ፤ የጋለ ቱቦ አጠገብ እሳት መጋበዝ ስለሆነ እባክዎ አይሞክሩት።

የማርሚታው መጋጠሚያም መታየት አለበት። በመጋጠሚያው መሃል ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ካልያዘ ከውጭ አየር ይስብና ነዳጅ ሲለቁ መተኮስ ያመጣል። ሰው ይህን ሰምቶ ጄት ሲቀያይር ይውላል።

እጀታው ላይ ምልክት ያድርጉ

ይህ ቀላል ሥራ ብዙ ድካም ያስቀራል። ነዳጅ መስጫ እጀታው ላይና ከጎኑ ባለው የማይንቀሳቀስ ክፍል ላይ ፕላስተር ይለጥፉ። ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ፣ ሙሉ ብለው መስመር ያስምሩ። ከዚያ እየነዱ ችግሩ የትኛው መስመር ላይ እንደሚመጣ ይመልከቱ። ፍጥነቱ ወይም ማርሹ አያሳስብዎ። የካርቡሬተሩ ክፍሎች ሥራቸውን የሚከፋፈሉት እጀታው በተከፈተው መጠን ነው።

ከዝግ እስከ ሩብ ድረስ የሚገዛው የሚኒሞው ጄትና የማስተካከያ ብሎኑ ነው። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ፣ ከፍ ዝቅ እያለ ቤንዚን የሚለካው መርፌ ነው። ከዚያ በላይ ዋናው ጄት ነው። ድንበራቸው እንደ ግድግዳ አይደለም፤ አንዱ የሌላውን ክልል ትንሽ ይነካል።

በዝቶበታል ወይስ አንሶታል?

ቤንዚን ያነሰው ሞተር ቾክ (ሞተር ቀዝቅዞ ሲነሳ ቤንዚን የሚያበዛው መሳቢያ) ካልተሳበለት ቶሎ አይሞቅም። በእኩል ነዳጅ ሲሄድ ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል። ነዳጁን ሲለቁት ዙሩ ቶሎ አይወርድም፤ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ከልክ በላይም ይግላል። ቤንዚን የበዛበት ደግሞ ይከብደዋል፣ ይንተፋተፋል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ሲሞቅ ይብስበታል።

ካልለየልዎ ቾኩን ይጠቀሙ። ችግሩ በሚመጣበት መስመር ላይ እያሉ ቾኩን በትንሹ ይሳቡ። ከተሻለው ቤንዚን አንሶታል፤ ከባሰበት በዝቶበታል። እኔ ከካንዴላ ቀለም ይልቅ ይህን አምናለሁ። ካንዴላ ነጭ ሲሆን ማነስ፣ ጥቁር ጥላሸት ሲይዝ መብዛት፣ ቡናማ ሲሆን ደህና ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በሚኒሞ ቆሞ የከረመ ሞተር ካንዴላ የሚነግርዎ ስለ ሚኒሞው ብቻ ነው።

ከላይ ወደ ታች ማስተካከል

ብዙ ሰው ከሚኒሞ ብሎኑ ይጀምራል። ምክንያቱ ብሎኑ ከውጭ መገኘቱ ብቻ ነው። ከዋናው ጄት መጀመር ይሻላል፤ ዋናው ሲቀየር መርፌውም ይነካልና። ከመፍታትዎ በፊት ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የቤንዚን መዝጊያው ይዘጋ፣ ቦታውም ነፋስ ያለበት ይሁን።

ዋናው ጄት ላይ የተጻፈው ቁጥር ሲጨምር ቤንዚኑ ይጨምራል። የካርቡሬተር ሠሪዎቹ የሚኩኒና የኬሂን ቁጥሮች ግን አንድ አይደሉም፤ አንዱን በሌላው ልክ አይግዙ። ትራፊክ በሌለበት ዝግ ቦታ እጀታውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱና ትንሽ መለስ ያድርጉት። ሲመለስ ጉልበት ካገኘ ጄቱ አንሷል። ሙሉው ላይ ከተንተፋተፈ በዝቷል። አንድ ቁጥር ብቻ ይቀይሩና ደግመው ይንዱ። ከትልቁ ጀምሮ ወደ ትንሹ መውረድ ይመረጣል። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ካንዴላ ያቆሽሻል፤ ያነሰው ግን ፒስተን ሊበሳ ይችላል።

ወደ መርፌው እንለፍ። ጫፉ ላይ ትንሽ ክሊፕ የሚገባባቸው ጎድጓዳ መስመሮች አሉ። ክሊፑ ወደ ታች ሲወርድ መርፌው ከፍ ይላል፤ ቤንዚን ይጨምራል። ክሊፑ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀንሳል። መስመር የሌለው የፋብሪካ መርፌ ከሆነ ሥሩ ስስ ሮንዴላ በማስገባት ከፍ ይደረጋል።

አሁን ሚኒሞ። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። ብሎኑ የት እንዳለ ይዩ፤ ቦታው ትርጉሙን ይገለብጠዋል። በፊልትሮው በኩል ካለ አየር የሚለካ ነው፤ ሲጠብቅ ቤንዚኑ ይበዛል። በሞተሩ በኩል ካለ ቤንዚን የሚለካ ነው፤ ሲላላ ይበዛል። መጀመሪያ ዙሩን እየቆጠሩ በቀስታ ጨርሰው ያጥብቁና ቁጥሩን ይጻፉት። በጉልበት ካጠበቁት ጫፉ ይበላሻል። ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ያላሉና ሞተሩን ያስነሱ። ሩብ ዙር እያዞሩ፣ ጥቂት እየጠበቁ፣ ሞተሩ ፈጥኖና ረግቶ የሚዞርበትን ነጥብ ይፈልጉ። ነጥቡ ከአንድ ዙር በታች ወይም ከሦስት ዙር በላይ ላይ ከተገኘ የሚኒሞው ጄት መቀየር አለበት። ጄት ሲያጸዱ ሽቦ አያስገቡ፤ ነሐሱ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል።

ተንሸራታቹን ሞተሩ ራሱ የሚያነሳው ከሆነ

ብዙ የመንገድ ሞተር ሳይክሎች ካርቡሬተር ላይ ተንሸራታቹን (መርፌውን ይዞ ከፍ ዝቅ የሚለውን ክፍል) የሚያነሳው ገመድ ሳይሆን የሞተሩ መሳብ ነው። ከላይ ስስ የጎማ ሽፋን አለ፤ አውጥተው ወደ ብርሃን ያዩት። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብስ እንኳ ብትኖርበት ጉልበት ታሳጣለች። ይህ ዓይነቱ ካርቡሬተር የፋብሪካውን ሳጥን ታሳቢ አድርጎ የተሠራ ስለሆነ ክፍት ፊልትሮ አይስማማውም። ግማሽ ላይ የሚመጣው መታነቅ በጄት ካልጠፋ፣ ሳጥኑን መልሰው ንጹሕ ፊልትሮ ያስገቡበት። መልኩ ላያምር ይችላል፤ አነዳዱ ግን ያምራል።

ከፍ ወዳለ ቦታ ሲወጡም ሚዛኑ ይለወጣል። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ ወደ 10 በመቶ ስለሚሳሳ፣ ታች ሳሉ ልክ የነበረው ጄት ከፍ ያለው ቦታ ሲደርሱ ቤንዚን ያበዛል።

ችግሩ በሁሉም መስመር ላይ እኩል ከመጣ ጄቶቹን ይተዉና በካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የሚጠብቀውን የተንሳፋፊውን ከፍታ ይለኩ። እጀታው የትም ይሁን የት፣ ሁልጊዜ አንድ የዙር ፍጥነት ላይ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን የካንዴላውን ክዳን፣ ሽቦውንና ኮይሉን ይፈትሹ። ያ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው።