መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሪንተሩ አይፒ አላገኝ ካላችሁ

ሀዋሳ ቢሮ ውስጥ ኔትወርክ የምትይዙ ልጆች፣ ሲስኮ ስዊች ላይ 802.1ኤክስ (ዕቃው ኔትወርክ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማንነቱን የሚያረጋግጠውን) ካበራችሁ በኋላ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ፕሪንተሩ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) አላገኝ እያለ ካስቸገራችሁ ኬብል ከመንቀላችሁ በፊት ስዊቹ ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅ እዩት። ስዊቹ መጀመሪያ ፖርቱ ላይ ያለውን ዕቃ ማነህ ብሎ ይጠይቃል፣ 802.1ኤክስ የማያውቅ ፕሪንተር ደግሞ ዝም ነው የሚለው፣ ስዊቹ በየ30 ሰከንዱ 3 ጊዜ ጠይቆ 90 ሰከንድ ካለፈ በኋላ ነው በማክ አድራሻው (የዕቃው የራሱ መለያ ቁጥር) ወደማረጋገጥ የሚያልፈው፣ እስከዛ ብዙ ፕሪንተር ዲኤችሲፒን (አይፒ የሚያድለውን) መጠየቁን ትቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ፖርቱ ላይ ቲኤክስ ፒሪየድ (ስዊቹ በአንዱና በሚቀጥለው ጥያቄ መካከል የሚጠብቀው ጊዜ) የሚለውን ከ30 ወደ 10 ሰከንድ አውርዱት፣ ጠቅላላው 30 ሰከንድ ይሆናል፣ እኔ ጋ በዚህ ብቻ ተስተካክሏል። የፕሪንተሩ ማክ ራዲየስ ሰርቨሩ (ማን ይግባ ማን አይግባ የሚለውን የሚወስነው) ላይ መመዝገቡን ግን አረጋግጡ።

1 ወይም 2 ሰከንድ ግን እንዳታደርጉት፣ ቀስ ብሎ የሚነሳ ላፕቶፕ ሳይመልስ ጊዜው ያልፍና እሱም በማክ ይሞከራል፣ ማኩ ካልተመዘገበ ሰራተኛው ኢንተርኔት የለም ብሎ ይደውልላችኋል። ደሞ ማክ በቀላሉ ስለሚኮረጅ ፕሪንተሮቹን ለብቻቸው ቪላን (የተለየ የኔትወርክ ክፍል) ስጧቸው፣ የሂሳብ ሰርቨር ያለበት ቪላን ውስጥ በፍጹም አታስገቧቸው።